ከአጥሩ ወዲህ ያለው ሞስ

የእስር ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከጣሪያው ጥግ ውሃ ወርዶበት ኖራው አብጧል። ከሥሩ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሴት ሾላ ገበያ ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ፖሊሶች ልጃቸውን ፈልገው ቢያጡት እሳቸውን ይዘዋቸው ነው። እኔስ በምን እንደተያዝኩ ጠየቁኝ። ከየካ በላይ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ለመመረቂያ ጥናቴ ሞስ ስሰበስብ አልኳቸው፤ ድንጋይ ላይ የምትለጠፍ፣ ጥፍር የማታህል አረንጓዴ ተክል።

«ፍየል እንኳ ለማይበላው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ልጄ፣ የሚሉሽን በይና ውጪ» አሉኝ።

አብሮኝ የዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛዬም ተይዟል። ከዚህ ቀደምም ታስሮ ስለነበር የሚፈልጉት እሱን እንደሆነ ገብቶኛል።

መርማሪው ስልኬ ላይ ያለውን ካርታ አሳየኝ። ሞሱን ያገኘሁባቸው ነጥቦች ጥበቃ ያለበትን ግቢ አጥር ተከትለው ተሰልፈዋል። መልሱ ቀላል ነበር። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም፤ ይሄኛው ውሃ የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። ስለዚህ የሚኖረው ፀሐይ በማያገኘው፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት የድንጋይ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ሸንተረሩን ይከተላል፤ አጥሩም እንደዚያው። ሲደርቅ ቅጠሉን ጠቅልሎ የሞተ ይመስላል፤ ስያዝ በሆዴ ተኝቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው የነበረውም ለዚህ ነው። ሁሉንም ወለሉን እያየሁ ነገርኩት።

«ከአጥሩ ወዲያስ አለ?»

«አልሄድኩበትም» አልኩ። «ድንጋዩ ግን አንድ ነው። ሳይኖር አይቀርም።»

ያንንም ጻፈው። የለም ብል ምን ነበረበት?

ቀጥሎ ድምፁን አለዘበ። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ቦታዎቹን የመረጠልኝ ጓደኛዬ ነው በይና ዛሬ ቤትሽ እደሪ።»

ስልኬ ላይ ያሉትን ነጥቦች እንደገና አየኋቸው።

«ቦታዎቹን የመረጠው ውሃው ነው» አልኩ፤ ቀና ብዬም አየሁት።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ሴትዮዋ ፊቴን አይተው ፍራሻቸው ላይ ጠጋ አሉልኝ።

ጓደኛዬ ከእኔ ቀድሞ ተፈታ። ለመርማሪው ስለ እኔ ምን ብሎ እንደነበር ጠይቄው አላውቅም።

ጥናቴ ውስጥ ካርታው ከአጥሩ ወዲያ ባዶ ነው። ከግርጌው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ባዶው ቦታ ያልተሄደበት ነው እንጂ ሞስ የሌለበት አይደለም።» አማካሪዬ ለምን ነገር ትፈልጊያለሽ ብለው ዓረፍተ ነገሩን እንድሰርዘው መከሩኝ።

እስካሁን አልሰረዝኩትም።