ለእናቴ የተሠራው የቀርከሃ ቤት

ከገደሉ ሥር ካለችው አገሬ ከካራቆሬ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። እናቴ ፋኖስ ይዛ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። ይልቅ ከአልጋዋ ራስጌ ያለውን የግድግዳ ስንጥቅ ዘንድሮም በጭቃ ልትደፍነው እንዳሰበች ስታወራ መጣች፤ ልክ ማታ ተመልሼ ጭቃውን የማቦካላት ይመስል። እኛ አገር መሬቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ያ ስንጥቅ ይከፈታል። ልጅ ሆኜ ጣቴን ነበር የማስገባበት፤ ስሄድ ግን እጄ ይገባ ነበር።

ያን ጊዜ መምህር በዕጣ ነበር የሚመደበው። ለእኔ አሶሳ ወጣልኝ። አዲስ ክልል ነው፣ መምህር ቸግሮታል ተባለ። ለእናቴ በካርታ ላሳያት ብዬ ጣቴን እዚያ ጫፍ ላይ ሳደርገው "በቃ ሱዳን ነው በለኝ" ብላ ካርታውን አጠፈችው። አንድ ልጇ ነኝ፤ አባቴም ከሞተ ቆይቷል።

በዚያ መንገድ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ነቀምት፣ መንዲ፣ ባምባሲ፣ አቧራ፣ ደግሞ አቧራ። አሶሳ ስደርስ ቀጥታ ትምህርት ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው በሰው ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ኃላፊው የምደባ ደብዳቤዬን አየና እንኳን ደህና መጣህ አለኝ።

"ማደሪያስ?" አልኩት።

"መምህር፣ ክልሉ ራሱ ተከራይቶ ነው የሚኖረው።"

"እሺ ትምህርት ቤቱ ወንበር አለው?"

"ለተማሪዎቹም እየጠበቅን ነው። አንተ ቆመህ አይደል የምታስተምረው?" ሲለኝ ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር የለም።

ቤት ያገኘሁት ሼህ ኢብራሂም ግቢ ነው። የበርታ ሽማግሌ ናቸው፣ ማንጎ ይነግዳሉ። አገሬን ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ በድርቁ ጊዜ ከእኛ አገር ብዙ ሰው ወደዚያ ተወስዶ ሰፍሯል።

"ሰፋሪ ነህ?"

"አይ፣ መምህር ነኝ።"

"መምህርም መንግሥት ነው የሚያመጣው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ምግቡ የማሽላ ገንፎ በባምያ ነው። አሁን ለምጄዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ባምያው ከጣቴ ባዳለጠ ቁጥር የእናቴ ሽሮ ውል ይለኝ ነበር። ሙቀቱንማ አታንሱብኝ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ያንን ከገደሉ የሚወርደውን የአገሬን የማታ ነፋስ እጠብቃለሁ፤ የሚመጣው ግን ትንኝ ነው። ናፍቆት እንዲህ ያጃጅላል።

ክፍል ውስጥ የባሰ ገጠመኝ። የመሬት ቅርፊት ፕሌት በሚባሉ ቁርጥራጮች የተከፈለ ነው፣ እነሱም ይንቀሳቀሳሉ ስላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አይፈረድባቸውም፤ ብዙዎቹ መሬት ሲንቀጠቀጥ ተሰምቷቸው አያውቅም። ጨነቀኝና "ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገንፎ ሲፈላ ላዩን እዩ" አልኳቸው።

በማግስቱ የሼህ ኢብራሂም ልጅ ሐዋ እጇን አወጣች። በርታዎቹ አማርኛ ሲናገሩ ሴቷንም እንደ ወንድ ነው የሚጠሯት።

"መምህር፣ ታች ሲፈላ ላዩ ተቀደደ። ከተቀደደው እንፋሎት ወጣ። ዳር ላይ አንዱ ሌላውን ገፋው፣ ተጨማደደ። እናቴ ተቆጣ፤ ገንፎ ለመብላት ነው እንጂ ለማየት ነው? አለኝ።"

አቤት ደስታዬ! "እሳተ ገሞራና ተራራ አይተሻል" አልኳት። ቁርጥራጮቹ ሲገፋፉ ተያይዘው እንደሚቆዩ፣ በመጨረሻ ድንገት ሲላቀቁ መሬት እንደሚንቀጠቀጥ ነገርኳቸው። ሰሌዳው ላይ አገራችንን ሥዬ ስምጥ ሸለቆውን አሰመርኩ። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ቀስ እያለ ይርቃል፤ አሶሳ ወዲህ ናት፣ ከስንጥቁ የራቀች።

"መምህር፣ እናትህ የት ነው?" አለች ሐዋ።

ጠመኔዬን መስመሩ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩት። ማንም አልሳቀም። እኔም ከዚያ በኋላ ማስተማር አቃተኝ።

ሐዋ ለአባቷ ነግራለች። ዓርብ ከስግደት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ቀርከሃ ተሸክሞ ወደ ግቢው ገባ። ሰንጥቀው፣ ጠፍጥፈው፣ ግድግዳውን እንደ ሰሌን ሸመኑት። ምንድነው ብል "የእናትህ ቤት ነው" አሉኝ ሼህ ኢብራሂም። "ቀርከሃ ቢወድቅ ሰው አይገድልም። ተነስተህ ታራግፋለህ፣ በቃ።"

ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት።

"ያኔ ሰፋሪ መንግሥት አመጣ" አሉ ቀጥለው። "እኛን ማንም አልጠየቀም። እናትህ ግን እኛ ነው የጠራነው።"

ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ ስልክ ማለት ቀጠሮ ነው። አሶሳ ቴሌ ቀን ታስይዛላችሁ፣ እዚያ መልእክተኛ ሄዶ እናታችሁን ይጠራል። ካልጮሃችሁ አይሰማም፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጉዳችሁን ይሰማል።

"እማዬ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ሰሞኑን መሬቱ ነቅነቅ አድርጎን ነበር። አልጋዬን ወደ በሩ አዞርኩት።"

ስለ ቀርከሃው ቤት እየጮህኩ ነገርኳት። መስኮት እንዳለው ጠየቀችኝ፤ አለው አልኳት። የሠሩትን ሰዎች በየተራ መረቀቻቸው። ትመጣለች ብዬ ልቤ ዘለለ።

"አልመጣም ልጄ። እኔ እዚያ ከመጣሁ አንተ ወዴት ትመለሳለህ?"

"እማዬ፣ ያ ቤት ይወድቅብሻል! መሬቱ እኮ እየሄደ ነው!"

"በምን ፍጥነት ነው የሚሄደው?"

መምህር አይደለሁ? መዋሸት አቃተኝ። "ጥፍር ከሚያድገው እንኳ ይዘገያል። ግን እኮ..."

"እንዲያ ከሆነ መሬቱስ ቀስ ብሎ ነው የሚለየኝ" አለችኝ። "አንተ ነህ በአንድ ሌሊት የሄድከው።"

መስመሩ ተቋረጠ። ከስልኩ ክፍል ስወጣ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው አሳለፉኝ። ሼህ ኢብራሂም በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"እናትህ ይመጣል?" አሉኝ።

"ቤቱን ግን አይቆልፉት" አልኳቸው።