ማሾውና ቀዩ ካርታ

የምኖርባት የቻይና ከተማ ከባሕር ጠረፍ ላይ ናት። ጠዋት ጉም ሲወርድ ፎቆቹ እስከ ወገባቸው ይጠፋሉ፤ ለአፍታ የአገሬ የሰቆጣ ተራሮች ይመስሉኛል። አማትቤ ወደ ሥራ እገባለሁ። ሥራዬ ለፋብሪካዎች ማጥናት ነው፦ ጥሬ ዕቃ ከየት ይምጣ፣ የትኛው አገር ቀረጥ ይጨምራል፣ የትኛው መንገድ በጦርነት ይዘጋል።

በጾም የምበላው የማሾ ቡቃያ ነው። እዚህ ማሾን ውኃ እያጠጡ፣ ነጭ ጅራት ሲያወጣ ይበሉታል። አንድ ጊዜ ቡቃያ የሚያመርት ፋብሪካ ጥናት አዘዘን። ማሾ ሊገዛባቸው ካሰባቸው ቦታዎች አንዱ አበርገሌ ነበር፤ አጎቴ የሚያርስበት ቆላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳህኔ ላይ ያለውን ዝም ብዬ መብላት አቃተኝ፤ አየዋለሁ፣ አየዋለሁ።

አበርገሌ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር፣ አጎቴ ለገበያ ሰቆጣ ሲወጣ ጠብቄ ደወልኩ። ስልኩን ማሾ ለሚያመርቱ ጓደኞቹ በየተራ አቀበለልኝ። ከጀርባቸው የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። መጠይቁን አንዲት ቃል ሳልዘል አነበብኩላቸው፦ «በሚመጣው ዓመት ማሾው ከገዢው እጅ ሳይደርስ የመቅረት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ከአንድ እስከ አምስት ይበሉ።»

«እግዜር ያውቃል» አለኝ የመጀመሪያው። ሁለተኛውም እንዲሁ። አጎቴም ሳይቀር። እኔም «አይታወቅም» በሚለው ላይ ምልክት እያደረግሁ ሞላሁት።

ለካ ኮምፒውተሩ «አይታወቅም»ን ከከፍተኛ ስጋት ይቆጥረዋል። በማግስቱ አለቃዬ ካርታውን ግድግዳው ላይ ስታበራ አበርገሌ ደም መስሏል።

«ይህንን ገዢው ይተወዋል» አለች።

«አላወቁም ማለት እኮ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ቁጥሩ ስንት ነው?»

ያደግሁት ከቄስ ቤት ነው። «ነገ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» ካልኩ፣ አባቴ «ቢፈቅድ በይ» ሳይለኝ አያልፍም። እየሰማሁት ያደግሁትን ቃል እኔው በእጄ ቀይ ቀባሁት። ገዢው ከተወው የአጎቴ የዓመት ልፋት በጎተራ ሊቀር ነው፤ እነሱ ማሾ ለመሸጥ እንጂ ለወጥ አይዘሩትም።

ፈቃድ ጠይቄ አገሬ ገባሁ። ሰቆጣ በገበያው ቀን፣ ከእህል መጋዘኑ ጥላ ሥር፣ እነ አጎቴን ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የቆላው አቧራ ቅንድባቸው ላይ ነበር። ከረጅሙ ጉዞ ደንዝዤ ነበር መሰለኝ፣ መሬቱ ከእግሬ ሥር የሚወዛወዝ ይመስለኝ ነበር።

«ስንት ዓመት ጠፍተሽ ለማሾ መጣሽ!» አለ አጎቴ። «ለእኛማ ቢሆን አትመጪም ነበር።»

«ይማሩኝ፣ አጎቴ። ዛሬ ስለሚመጣው አልጠይቅዎትም። በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ማሾውን ምን አደረጋችሁት?»

እርስ በርሳቸው በአገሩ አገውኛ፣ በኽምጣና ተከራከሩ፤ አንዱ የሌላውን አህያ ስንፍና እያነሣ ይሳሳቃሉ። ከዚያ አጎቴ እንድጽፈው በአማርኛ ነገረኝ፦ ማሾውን ነቀዝ እንዳይበላው አመድ ለውሰው በጎተራ አቆዩት፤ የሚያቋርጡት ወንዝ ሲጎድል በእግር መንገዱ በአህያ አወጡት። ቃል ከገቡለት ነጋዴ አንድ ጆንያ አላጎደሉም።

«ታዲያ በስልክ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ የጠየቅሽን ያልመጣውን ነዋ! ያልመጣው የኛ ነው? የቄስ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

የነገሩኝን ሁሉ ጻፍኩ፤ አመዱን፣ አህዮቹን፣ የወንዙን ወራት። ስሰናበት አጎቴ ከጆንያው አንድ እፍኝ ማሾ ዘግኖ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረልኝ። «እንግዲህ ማሾውን ይገዙናል?» አለኝ። ቀረጡን አውቃለሁ፣ የመርከቡን መንገድ አውቃለሁ። አፌ ግን የለመደውን አለ፦ «እግዜር ያውቃል።»

«ወይ ጉድ! ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሉሽ?»

ተመልሼ እፍኙን መስኮቴ ሥር በውኃ ነከርኩት። የጻፍኩትን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳስገባ፣ በካርታው ላይ አበርገሌ ወደ ቢጫ ደበዘዘ። ነጭ ጅራቱ ብቅ ባለ ቀን የገዢው መልስ መጣ፦ ለአንድ መኸር እንሞክራቸው ብሏል። ስልኬን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። አጎቴ አበርገሌ ነው፤ ገበያው ገና አራት ቀን ይቀረዋል። ዜናውን በሆዴ ይዤ፣ ጠዋት ጠዋት የቡቃያውን ውኃ እየቀየርኩ፣ ከጉሙ ውስጥ ተራራ ስፈልግ ሰነበትኩ።