ከዚህ ባነሰ አይሆንም

ባለፈው ሳምንት ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር አንድ ሱቅ በር ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ቆመን ሳለ፣ ጎረቤቴ ዘይነባ በእጄ የያዝኩትን ቦንቦሊኖ አየችና ሳቀች። «አሁንም ቀዳዳ ትቆጥሪያለሽ? ወላሂ፣ ያ ሁሉ ትምህርት ምን ጠቀመሽ?» አለችኝ። ጥያቄው ከወጣትነቴ ጀምሮ ሲከተለኝ የኖረ ነው። መጀመሪያ የጠየቁኝ አባቴ ነበሩ።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ሒሳብ እማር ነበር። የማጠናው ዞረው በራሳቸው ላይ የሚዘጉ ባለ ሦስት አቅጣጫ ስፍራዎችን ነው። እንዲህ ያለውን ስፍራ በመሀሉ የሚያልፍ አንድ ስስ ገጽ ለሁለት ቀላል ቅርጾች ይከፍለዋል። ገጹ እንደ ኳስ ቀዳዳ የሌለው፣ እንደ ቦንቦሊኖ ባለ አንድ ቀዳዳ ወይም ባለ ብዙ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳ መጨመር ማንም ይችላል፤ ጭንቁ ቢያንስ ስንት እንደሚያስፈልግ ማወቁ ላይ ነው።

በቡና ለቀማ ወቅት፣ በጭቃው መንገድ ተንገጫግጬ አባቴ ወዳሉበት የቡ ከተማ ደረስኩ። አባቴ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቀይ ቡና እያገላበጡ ነበር፤ አየሩ የቡና ገለባ ይሸታል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀዳዳ መቁጠር ምን ሥራ ነው? ወይ ስለ ቡና አጥኚ፣ ወይ ትተሽው ቤትሽ ግቢ» አሉኝ።

«አልተውም።»

«ማል ጄታ? ምን አልሽ?»

«አልተውም አልኩ! እርስዎ ቡና ይወዳሉ፤ እኔ ይሄን እወዳለሁ።» ለአባቴ እንዲህ መልሼ አላውቅም።

ከጠዋት ጀምሮ በዋጋ ሲከራከር የቆየ የቡና ገዢ በመሀል ገባ። «ሐጂ፣ ትንሽ ይቀንሱ እንጂ!»

«ከዚህ ባነሰ አይሆንም!» ብለው ጮሁበት።

«አባ፣ ይኸው ነው!» አልኩ ዘልዬ። «የኔ ትምህርት ይኸው ነው። ከዚህ ባነሰ አይሆንም ማለት። እርስዎ ሲሉ ሰውዬው ሊያምንም ላያምንም ይችላል፤ እኔ ስል ግን በማስረጃ ነው።»

ገዢው ሳቀ። አባቴ አልሳቁም፤ ቡናውን ደጋግመው አገላበጡ።

«ይሄን ሰውዬ በማስረጃ ዝም ታሰኚልኛለሽ?»

«እሱን እንኳ አልችልም።»

ያኔ ሳቁ። «በይ ሂጂ ጨርሺው» አሉኝ።

ጨረስኩት። ለመረጥኩት ስፍራ ሁለት ቀዳዳ ግድ መሆኑን፣ አንድ ፈጽሞ እንደማይበቃ አረጋገጥኩ። አባቴም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ገዢ ሲከራከራቸው «ልጄ ይሄንን በማስረጃ ታሳይሃለች» ይሉ ነበር።

«ምንም አልጠቀመኝም» አልኳት ዘይነባን። «ደግሜ ብወለድም የምማረው እሱኑ ነው።»

«ትንሽ ቀለል ያለ ነገር እንኳ አይሻልም?»

ቦንቦሊኖዬን ገምጬ ዝናቡ ውስጥ ገባሁ።

«ከዚህ ባነሰ አይሆንም!»