ዳነች የተባለችበት ሳምንት

«የእህትሽ እብደት አንቺም ላይ አለ፤ ያንቺን ግን ዳዊት መድገምሽ ሸፍኖት ነው» አለችኝ የእህቴ አማት። የእህቴን ሕፃን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ሳይነጋ ስለነበር እግሬ አብጧል፤ መቀመጥ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

እህቴ አበደች የተባለችው እንዲህ ነው። ባሏ፣ ባል የሞተባትን የጎረቤታቸውን የድንበር ድንጋይ ነቅሎ ወደ ገብሷ ገፋ አድርጎ ሲተክለው አየች። ጎረቤቲቱ ለሽማግሌ ስትከስ እህቴ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለችና «አዎ፣ ሲነቅለው አይቻለሁ» አለች። ሚስት በባሏ ላይ! በማግስቱ እጇን በጠፍር አስረው፣ ጡት የሚጠባ ልጇን ነጥቀው፣ ከአንኮበር ቁልቁል ካለው ጸበል ወሰዷት። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ አንኮበር ጭር ብላለች፤ ጸበሉ ግን ሰው አላጣም።

እዚያ ስደርስ ቄሱን ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ እህቴ ምን ስትል ነው ዳነች የምትሏት?»

«ያደረባት ለፍልፎ ሲወጣ።»

«ምን ብሎ ሲለፈልፍ?»

«በዓይኗ ገብቼ ድንጋይ ሲነቀል ያሳየኋት እኔ ነኝ ሲል ነዋ።» ባሏ ቀድሞ ነግሯቸዋል።

«ካልለፈለፈስ?»

«እስኪለፈልፍ ትቆያለች። አንቺ ደግሞ እንደ መምህር ትመረምሪኛለሽ እንዴ? ወግጂ!»

መሪጌታ አጎቴ ልጅ ስላልነበረው እኔን አስተምሮኛል፤ ዳዊት ደግሜ ቅኔ ጀምሬያለሁ። እውነት ምንድን ነው፣ ጤነኛ ማን ነው እያልን ስንከራከር እንውል ነበር። አንዳንዴ እሱ ይረታል፣ አንዳንዴ እኔ። ቃሉ በሱ አፍና በኔ አፍ ትርጉሙ አንድ መሆኑን ጠይቀን አናውቅም። ለምን እንጠይቅ? ከሁለታችን የታሰረ አልነበረም። እዚህ ግን እህቴ ያየችውን ስትናገር መንደሩ ለፈለፈች ይላል፤ አላየሁም ስትል ጸበሉ ዳነች ይላል። እብደት ማለት ባሏ ላይ መመስከሯ ነው፣ ጤና ማለት ዝም ማለቷ። ይህን ሳስብ መናደድ ይገባኝ ነበር፤ አልተናደድኩም። ውሃው ዳር ተቀምጬ በሶ በጠበጥኩ።

ስድስት ቀን ተጠመቀች። በስድስተኛው ቀን ደረቷን ይዛ «ጡቴ ድንጋይ ሆነ» አለችኝ።

«እታለም፣ ያሉሽን በይና ይፍቱሽ። የዳነች ሰው ቃሏ ይሰማል። ያን ጊዜ ሽማግሌ ፊት እውነቱን ትደግሚዋለሽ።»

«ጸበል ላይ ልዋሽ?»

«አንቺ አይደለሽማ፤ የሚለፈልፈው እሱ ነው ተብሏል።»

«ይቺን ልጅ! ሳትጠመቂ ለፈለፍሽ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ብልሃቱን ያገኘሁት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ውሃው ሲያርፍባት ጮኸች፤ ቄሱ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አለች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጠፍሩም ተፈታ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተቀመጡ። አማቷ ሕፃኑን አዝላ መጣች።

«ልጄ፣ ዳንሽ?» አሏት ትልቁ ሽማግሌ።

«ድኛለሁ፣ አባቴ።»

«ቃልሽ የራስሽ ነው?»

«የራሴ ነው። ድንጋዩን ሲነቅለው አይቻለሁ።»

ባሏ አልተቆጣም። «አገረሸባት» አለ፣ እንዳዘነ ሰው አንገቱን ደፍቶ።

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «አብረሻት የሰነበትሽው አንቺ ነሽ። ጸበሉ ላይ የለፈለፈው ማን ነበር?»

ጋኔን ነው ብል አገርሽቶባታል ሊሉ ነው። «ራሷ ናት» አልኩ። «ምንም አላደረባትም። እንዲያ በይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ተንጫጫ። ሽማግሌው ዝም እስኪል ጠብቀው፣ «እንግዲያ እብድ አይደለችም» አሉ። «ጸበል ላይ የዋሸች ጤነኛ ናት። የዋሾ ምስክርነት ደግሞ አንቀበልም።» ጎረቤቲቱ የሚቀጥለውን ሳትሰማ ተነስታ ሄደች።

ባሏ ተነሳ። «ብትታመምብኝ አስታምማት ነበር። በጸበል የምትቀልድ ሴት ግን ቤቴ አትገባም፤ ልጄንም አታጠባም።»



እህቴ አማቷ ጀርባ ላይ ያለውን ልጅ አየች። «አገርሽቶብኝ ነው» አለች። «ያን ጊዜ የለፈለፈው እሱ ነው። አሁን የተናገረውም እሱ ነው።»

«ድንጋዩስ?» አሏት ሽማግሌው።

«አላየሁም።»

አማቷ አንቀልባውን ፈታች። እህቴ ልጁን ተቀብላ ጀርባዋን ለሰዉ ሰጠችና ግንቡ ሥር ተቀምጣ ማጥባት ጀመረች። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ፤ ቀና አላለችም። ዱላዬን አንስቼ የደብረ ብርሃንን መንገድ ያዝኩ።