የግድቡ ቁልፍ በአንገቴ ላይ

ወሬው የደረሰኝ ጂዳ፣ የማስታምማቸውን አሮጊት እግር እያጠብኩ ሳለ ነው። የድምፅ መልእክት ነበር፤ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር፣ እናቴ ከተከራየችበት ቤት። አክስቴ ናት። ከኋላዋ ለቅሶ ይሰማል።

«አብሽሪ እታለም» አለች። አብሽሪ ለታመመም ይባላል፣ ለሞተም ይባላል፤ ከትንፋሿ የትኛው እንደሆነ ገባኝ። «ወንድምሽን ግድቡ በላው። ክንዱን ከመዝጊያው ሥር ይዞ አልለቅም አለ።»

የአሮጊቷ እግር ከእጄ አምልጦ ሳፋውን ገለበጠው። ኢና ሊላሂ ብዬ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ደውዬ መጀመሪያ የጠየቅኩት ግን ስለ ክንዱ አልነበረም።

«ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» አልኩ።

ወንድሜ ጠላቂ ነበር። ዋና የተማረው በልጅነቱ፣ ከተወለድንበት ከቢስቲማ ብዙም በማይርቀው ሐይቅ ነው። ጅቡቲ ወደብ የመርከብ ሆድ ሲፍቅ መጥለቅን ተማረና የጎማ ልብስና የአየር ሲሊንደር ይዞ ተመለሰ። ኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉ ትንንሽ ግድቦችን ከውሃ በታች እየገባ ይመረምር ነበር። ውሃው ጭቃ ስለሆነ የገዛ ጣቱን እንኳ አያይም። በመዳፉ እየዳሰሰ ሲሚንቶው የት እንደተሰነጠቀ፣ የመዝጊያው ጎማ የት እንደተቀደደ ያውቃል። አረብ አገር ከመሄዴ በፊት ሁለት ዓመት ገመዱን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

የጠላቂ ጠላት ጥልቀት አይደለም፣ የሚሄድ ውሃ ነው። ከግድብ ሥር ያለ መዝጊያ አራት ጣት ከተከፈተ፣ ከላይ ያለው ውሃ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ካልወጣሁ ይላል፤ ፊቱ ያገኘውን ሰው እንደ ቅልጥም ይመጠዋል። ስለዚህ እሱ ከመግባቱ በፊት መዝጊያው ይዘጋል፤ የመዝጊያውን መዘውር የግድቡ ዘበኛ በሰንሰለት አስሮ ይቆልፈዋል፤ ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ይውላል። ከዚያ አንድ ጭብጥ የጤፍ ጭድ ውሃው ላይ እበትናለሁ። ጭዱ ባለበት ከቆመ ይገባል፤ ወደ መዝጊያው ከተሳበ ማንም አይገባም። ገመድ አንዴ ሲሳብ ደህና ነኝ ነው። ሁለቴ፣ ጨምሪ። ሦስቴ፣ ከማናችንም ይምጣ፣ መውጣት ነው። ቁልፉ ከአንገቴ የሚወርደው እሱ ደረቅ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

«ነፍሴን አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሻል» ይለኝ ነበር። «ሀብል ካማረሽ ሌላ ግዢ።»

አንድ ቀን አወረድኩት።

ከግድቡ በታች ያሉ ሁለት መንደሮች በመስኖ ተራ ይጣላሉ። ተራውን የሚያደላድሉት የውሃ አባት የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ያን ቀን መዝጊያው ተዘግቶ ስለዋለ የታችኞቹ ተራ አለፈ። ሽንኩርታቸው ሲጠወልግ ዱላ ይዘው መጡ፤ የላይኞቹም ሰምተው ዱላ ይዘው ወረዱ። «ውሃችንን ለእነሱ ልትሸጪ ነው የዘጋሽው» ያለኝ ጎረምሳ ትከሻዬን በሽመል አለኝ። ገመዱን አልለቀቅኩም። አጠገቤ አንዱ የሌላውን ግንባር ሲፈነክተው ደሙ ሻሼ ላይ ተረጨ። ወንድሜ ውስጥ ነው ብል ማን ይስማ።

የውሃ አባት መሀል ገብተው ዱላውን በክንዳቸው መከቱ። አልሆን ሲላቸው ጥምጣማቸውን አውርደው እግሬ ሥር ጣሉና ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ ሰዎቹ ጥቂት ውሃ ይዩ። ካላዩ ዛሬ እዚህ ሰው ይታረዳል። ቁልፉን።»

«አባባ ይነሱ፣ በአላህ። ወንድሜ ታች ነው።»

«አውጪዋ፣ ቶሎ አውጪው።»

የሽማግሌ ጥምጣም እግሩ ሥር ወድቆ እምቢ ያለ ሰው ቤቱ አይበረክትም ይባላል። ይህን ይዤ ነው ያደግኩት። ገመዱን ሦስቴ ሳብኩ። አረፋው ወደ ላይ ሲመጣ አየሁ። አረፋ ሰው አይደለም። እኔ ግን ቁልፉን ሰጠሁ።

መዘውሩ ሲዞር ገመዱ መዳፌን ልጦ ሮጠ። ወንድሜ ግድቡ ግንብ ላይ የተተከለውን የብረት መሰላል አቅፎ ተረፈ፤ ሲወጣ አገዳው እስከ አጥንቱ ተገሽልጦ፣ አፍንጫው ይደማ ነበር። ገበሬዎቹና የውሃ አባት ውሃውን ተከትለው ወርደዋል።

«ማን ከፈተው?»

«ሰንሰለቱ አምልጦ ነው» አልኩ። ሶላት አልፎኝ የማያውቀው እኔ።

ወንድሜ እያነከሰ ሄዶ ሰንሰለቱን ያሰረውን ዘበኛ በቡጢ ሁለት ጥርሱን አወለቀው። ዘበኛው ጥርሱን ከአቧራ ሲለቅም ቆሜ አየሁ።

ወደ ጂዳ ስሄድ ገመዱንና ቁልፉን ለአክስቴ ልጅ አስረከብኩ። ደንቡን ሁሉ ነገርኩት፤ ያደረግኩትን አልነገርኩትም።

አሁን የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው፣ ጭንቅላቱ ተሰፍቶ ከተኛበት። ያው ዱላ፣ ያው ጥምጣም። «የውሃ አባትን እምቢ አልኳቸው» አለኝ። «‹ያኔ እህቱም ሰጥታኝ ነበር፣ ምንም አልሆነም› አሉኝ። እውነት ነው እንዴ?»

«የቀረውን ንገረኝ» አልኩት።

እሱም ቁልፉን ሰጣቸው። አራት ጣት ከፈቱ። ወንድሜ በዚያች ሰዓት ክንዱን ከመዝጊያው ሥር ሰዶ ጎማውን እየዳሰሰ ነበር። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። የአክስቴ ልጅ ሊዘጋ ወደ መዘውሩ ሲሮጥ፣ ገበሬዎቹ ውሃ ሊቆርጥብን ነው ብለው ጭንቅላቱን በዱላ ከፈሉት። ሌሎቹ ገመዱን ይዘው ጎተቱ። መጎተት አልነበረባቸውም፤ ውሃና ገመድ ሲጓተቱ የሚበጠሰው ሰው ነው። በመጨረሻ የዘጉት ራሳቸው የውሃ አባት ናቸው፣ በዱላ መሀል እየተቀጠቀጡ። ወንድሜን ያለ ቀኝ ክንዱ አወጡት። ክንዱን በማግስቱ ከቦዩ አግኝተው አብረው ቀበሩት።

አጎቶቼ በሦስተኛው ቀን የውሃ አባትን በሬ ቋንጃ በመጥረቢያ ቆረጡ፣ ክምራቸውንም አቃጠሉ። ሽማግሌው መዝጊያውን ያስከፈቱት የታችኛው መንደር በገንዘብ ገዝቷቸው ነው ይላሉ፤ ደሙን በደም ካልሆነ አንቀበልም ብለዋል። ሽማግሌው ሸሽተዋል። የት እንዳሉ ሰምቻለሁ፣ አልጽፈውም።

ታላቅ አጎቴን ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። «ቁልፉ በጥምጣም እንደሚገኝ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ያኔ እምቢ ብል ኖሮ ዛሬ አይጠይቁም ነበር» አልኩት።

«አንቺ ሩቅ ነሽ፣ ሬሳውን አላየሽም» አለኝ። «ሽማግሌ አሳዝኖሽ ትዋሻለሽ። ወንድምሽ ሰንሰለቱ አምልጦ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

የገዛ ውሸቴን መለሰልኝ። ወንድሜ በእኔ ቃል ምሎ ኖሯል። አሁን የእኔ ቃል ብቻውን ሰው አያድንም።

ስለዚህ ያን ቀን፣ በእኔ ጊዜ፣ ግድቡ ዳር ልብስ ታጥቡ የነበራችሁ ሴቶች፣ ዱላ ይዛችሁ የመጣችሁትም ወንዶች፦ ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ስሰጥ አይታችኋል። የአገር ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲቀመጡ ሂዱና ያያችሁትን ተናገሩ። ስለ እኔ አትፈሩ፣ ስሜን ጥሩ። አጎቶቼ ሽማግሌው ጋ ከመድረሳቸው በፊት ድረሱ።