ራቁቱን ያደረ ብረት

አያቴ ማጭዳቸውን ሞራ ሳይቀቡ ሰቅለው አያውቁም። መርሳ ባለው ቤታችን ግድግዳ ላይ ለማጭዱ የመቱት ምስማር አለ። ከማሳ ሲመለሱ ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ ብረቱን ጠርገው ይቀቡና እዚያ ይሰቅሉታል። «ብረት ራቁቱን አያድርም» ይሉን ነበር።

ባጃጅ ተገልብጦ ጭናቸው ሲሰበር ሐኪሞች አጥንታቸውን በብረት አሰሩት። ከወራት በኋላ ቁስሉ መግል ቋጠረ። መምህር ነኝና አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው፤ ባክቴሪያ ብረቱ ላይ ከተጣበቀ በላዩ ሽፋን ይሠራል፣ መድኃኒትም እንደልብ አይደርስበትም። እንዳይጣበቅ በብር ማዕድን የተለበጠ ብረት አለ፤ የእርሳቸው ግን አልተለበጠም።

ሰምተው ሲጨርሱ በንቀት ፈገግ አሉ። «እኔ ለማጭዴ የማልነፍገውን ለጭኔ ነፈጉኝ በይኛ!»

መግሉ ወደ ደማቸው ዘለቀና አረፉ። አላህ ይዘንላቸው። ለቅሶው ላይ አንድ ጎረቤታችን «ሽማግሌው ቁስላቸውን በንጽሕና አልያዙም» ሲል ሰማሁት። ይህን ያለው እጁን ታጥቦ ሲበላ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። የብረቱን ነገር ላስረዳው ብጀምር ፊቱን አዞረ።

ጤፍ ሲደርስ ያው ሰው መጣ። «የአያትሽን ማጭድ አውሺኝ፣ እንደሱ ያለ ስለት አገር ውስጥ የለም።» ሰጠሁት። በማግስቱ ጭቃና የሣር ጭማቂ እንደደረቀበት አምጥቶ ራሱ ሰቀለው።

«ምስማሯ ባዶዋን ሆና እንዳታስከፋሽ ብዬ ነው» አለኝ።

«ባዶዋን ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አልኩትና ማጭዱን አውርጄ እፊቱ ጠርጌ ሞራ ቀባሁት።