ክላርኔቱ ብቻውን ሲቀር

የሙዚቃ መሪያችን ውጭ አገር ሰባት ዓመት ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ደሴ ወደነበረው የኪነት ቡድናችን ሲመደቡ እኛ የምንችለው ማርሽና የሰልፍ መዝሙር ብቻ ነበር። እሳቸው ግን የወሎ ሰው ቫዮሊንና ክላርኔትን ያለ ከበሮ፣ ያለ መፈክር፣ ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ይፈልጉ ነበር። «ጆሮ ያለው ሁሉ ይገባዋል» ይሉን ነበር። ቡድናችንን የሚቆጣጠረውን ካድሬ እንዴት እንዳሳመኑት እስከ ዛሬ አላውቅም። መጀመሪያ ደሴ፣ በሳምንቱ ደግሞ ኮምቦልቻ እንድንጫወት ተፈቀደ።

የመረጡት ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሐዘን ያለበት የፈረንጅ ሙዚቃ ነበር። መሀሉ ላይ ቫዮሊኖቹ ዝም ይሉና ክላርኔቱ ብቻውን ይቀራል። ክላርኔት የምነፋው እኔ ነበርኩ።

ገና በመጀመሪያው ልምምድ የዜማውን ዓይነት አወቅሁት። እሳቸው አገር ውስጥ ባልነበሩበት ጊዜ ሬዲዮ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ያሰማ የነበረው ለአንድ ነገር ነው። ሙዚቃው ያልቅና አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደባቸው ሰዎች ስም ይነበባል። ልጁ የታሰረበት ሁሉ ያን የመሰለ ዜማ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ሬዲዮ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ደሴ ውስጥ ይህን የማያውቁት መሪያችን ብቻ ነበሩ። መንገር ነበረብኝ። ግን ብነግራቸው ሙዚቃውን ይተውታል፤ እሱ ከቀረ ደግሞ ለብቻዬ የምነፋት ያቺ ቦታ ትቀርብኛለች። ሌሎቹ ዝም ያሉት ፈርተው ይሆናል። እኔ ግን ጎምጅቼ ነው።

የደሴው ዝግጅት እሁድ ከሰዓት ነበር። ቀበሌዎቹ ስም እየጠሩ ያመጡት ሕዝብ ፒያሳ አጠገብ ያለውን አዳራሽ ሞላው። ቫዮሊኖቹ እንደጀመሩ ጉርምርምታው ጸጥ አለ። መሪያችን ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ስለቆሙ አያዩም፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል። የማየው እኔ ነበርኩ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች አንድ በአንድ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቀዘቁ። ተራዬ ደረሰና ነፋሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ነፍቼ አላውቅም።

ስጨርስ አንዲት እናት ተነስተው ወደ መድረኩ ቀረቡ። ከኩታበር ስንቅ እያመላለሱ የታሰረ ልጃቸውን የሚጠይቁ ሴት ናቸው፤ እስር ቤቱ በር ላይ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ።

«ልጄ፣ በአላህ ብዬሃለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ስሙን መቼ ነው የምታነቡት? የኔው አለበት?»

ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠሩትና ጮኸው አለቀሱ። አዳራሹ በሙሉ ተከተላቸው። ልጃቸው ያን ቀን በሕይወት ነበር፤ እሳቸው ግን አልቅሰው ቀበሩት።

በዚያን ጊዜ እርምጃ ለተወሰደበት ሰው በአደባባይ ማልቀስ ክልክል ነበር። ካድሬው ዓይኑ ደም ለብሶ ተነሳ፤ ለፀረ አብዮተኞች የለቅሶ ዝግጅት ነው የተደረገው አለ። ሙዚቃ የሚመሩበት ዘንግ በእጃቸው እንዳለ መሪያችንን ታጣቂዎች ወሰዷቸው። እኛን ማንም አልነካንም። በሳምንቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ላይ ማርሽ ተጫወትን፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

መሪያችን ከስምንት ወር በኋላ ተፈቱ። ፒያሳ ላይ ሳገኛቸው ቀኝ እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ አላወጡም፤ በግራቸው ጨበጡኝ። ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ።

«ሕዝቡ እንዲያ እንደሚሆን ገምተህ ነበር?» አሉኝ።

«አልገመትኩም ጋሼ።»

«እኔም ለመርማሪዎቹ ያልኳቸው ይህንኑ ነው። ስላንተ ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ልጁ ምንም አያውቅም ብዬ ማልኩላቸው።»

መንገዳቸውን ሊቀጥሉ ሲሉ ዞር ብለው፣ «ያቺን ቦታ ግን አሳምረህ ነፋሃት» አሉኝ።